ጽጌረዳ የሚሸተው ሰጋቱራ

ደስ የሚል ሽታ ያለውን ትቢያ አላምንም። ለጨዋታ ብዬ አይደለም። ባለፈው ጥር ከምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ፊት ለፊት አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ተከፈተ፤ ባለቤቱ ከውጭ በመጣ እንጨት ብቻ ነው የሚሠራው ይባላል። በተከፈተ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የመጋዙ ጩኸት ተነሣና በመስኮታችን አንድ ሽታ ገባ፤ ከላይ ጽጌረዳ፣ ከሥሩ ቁንዶ በርበሬ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ እንዴት ደስ ይላል ብላ አንገቷን በመስኮት አወጣች። እኔ ተነሥቼ መስኮቱን ዘጋሁት። ምን ሆንሽ ብትለኝ አቧራ ለመጽሐፍ አይስማማም አልኳት። ይህ እውነት ነው። ሌላው እውነት ግን ረዘም ይላል።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ግንቦት ላይ አባቴ ከሲሬ አካባቢ ካለው መንደራችን አሰላ አምጥቶ ለታላቅ እህቱ፣ ለእቴቴ ሰጠኝ። ስምምነቱ ትማራለች የሚል ነበር። እቴቴም መጀመሪያ ቤቱን ትልመድ፣ መስከረም ሲመጣ እናያለን አለች። ስለዚህ ያ ክረምት በሙሉ ለእኔ የመስከረም ደጅ ነበር። ዝናቡንም ጭቃውንም እንደ መጠበቂያ ነው ያሳለፍኩት።

እቴቴ ከገበያው ጀርባ የራሷ ግቢ ነበራት፤ በመንገዱ በኩል ባለችው ጠባብ ቤት ጠዋት ጠዋት ሻይና ፓስቲ ትሸጣለች። ባሏ ከሞተ በኋላ ከአራት ዓመት ልጇ ከሚኪ ጋር ብቻዋን ቀርታለች። ክፉ ሴት አልነበረችም። ይህንን አስቀድሜ መጻፍ አለብኝ፤ ከዚህ በኋላ የምጽፈው ክፉ ሊያስመስላት ይችላልና። ብቻ ማንንም አታምንም። የስኳሩን ከረጢት በክር ታስርና ቋጠሮውን ወደ የት በኩል እንዳዞረችው ታስታውሳለች። ወተት የሚያመጡላት ሴት ቆመው እያዩዋት ጣቷን ወተቱ ውስጥ ነክራ ትቀምሳለች። ሰው የሰጠሽን ነገር ገልብጠሽ እዪ፣ ከላይ ያለውማ ለዓይን ነው የተቀመጠው ትለኝ ነበር። እኔም ነገር ቶሎ የምይዝ ልጅ ስለነበርኩ በሁለት ወር ውስጥ ገልብጬ የማላየው ነገር አልቀረም።

በጓሮ በኩል ያለችውን ሰርቪስ ቤት የተከራዩት ጋሽ ንጋቱ አናጢ ነበሩ። ስድሳ ያለፋቸው፣ ረጅም፣ ከንግግር ይልቅ በአገጫቸው የሚያመለክቱ ሰው። ወጣት ሳሉ አዲስ አበባ ፒያኖና ጊታር የሚጠግን አንድ አርመን ዘንድ ሠርተዋል። አሰላ የተወለዱበት አገር ስለሆነ ሲያረጁ ተመለሱ። በርና አልጋ ሠርተው ይኖራሉ፤ ጊዜ ሲያገኙ ደግሞ ጊታር ይሠራሉ። አሰላ ውስጥ ጊታር የሚሠራ ሰው መኖሩ ለእቴቴ በራሱ አጠራጣሪ ነበር። በር የሚሠራ ሰው በር ይሠራል፣ ይህ ሰውዬ ግን ምን እንደሚሠራ ማን ያውቃል ትላለች።

የእኔ ሥራ ከእሳቸው ዘንድ ሰጋቱራ ማምጣት ነበር። የእቴቴ ምድጃ የሰጋቱራ ምድጃ ነው፤ ከጎኑ በታች አንድ ቀዳዳ ያለው የዘይት ቆርቆሮ። መሐሉ ላይ ጠርሙስ ይቆማል፣ በታችኛው ቀዳዳ ዱላ ይገባል፣ ከዚያ ሰጋቱራው ዙሪያውን እየተጠቀጠቀ ይሞላል። ጠርሙሱና ዱላው ቀስ ተብለው ሲወጡ የእሳቱ መንገድ ይቀራል። ያልተጠቀጠቀ ይናዳል፤ እርጥብ ከሆነ ያጨሳል። እኔ የሞላሁት ምድጃ ተንዶ አያውቅም። ከጎህ እስከ ረፋድ ያለ ማራገቢያ ይነድ ነበር፤ እቴቴም በዚህ ብቻ አትጠረጥረኝም።

ጋሽ ንጋቱ በመጀመሪያው ቀን አንድ ሕግ ነገሩኝ። በር አጠገብ ካለው ክምር የፈለግሽውን ውሰጂ፤ እሱ ዝግባ፣ ጥድና ዋንዛ ነው። ከኋላ በጆንያ ካለው ግን አንዲት ጭብጥ እንዳትነኪ። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም። የኋላውን ራሳቸው ይጠርጋሉ፣ በውኃ ረጭተው ጆንያ ውስጥ ይከታሉ፣ አፍና አፍንጫቸውን በጨርቅ አስረው ከጓሮው አጥር ሥር ይቀብሩታል። ፊቱን ሸፍኖ ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ምን እንደሚመስል መናገር አያስፈልገኝም።

ደጋግሜ ስለምመለከት ነው መሰለኝ «ኢንስፔክተር» ይሉኝ ጀመር። «ኢንስፔክተሯ መጣች፤ ዕቃ አስተካክሉ» ይላሉ፣ ከእሳቸው በቀር ማንም በሌለበት ቤት። አልስቅም ነበር። ብዙ የምመለከተው ነበረኝ። ሳንቃውን በሁለት ጣት አንጠልጥለው በሌላው እጃቸው አንጓ ያንኳኩታል፤ ከዚያ ጆሯቸውን አስጠግተው ያዳምጣሉ። አንዱን «ይሄ ደንቆሮ ነው» ብለው ለበር ይጥሉታል። ሌላውን በጨርቅ ጠቅልለው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡታል። ከውስጥ የሚመልስላቸው ማን እንደሆነ ለማወቅ እኔም የቤታችንን በር ብዙ ጊዜ አንኳኩቼ መልስ ጠብቄያለሁ። የጊታሩን ጎን ሲያጎብጡ ደግሞ ቀጭኑን እንጨት በውኃ ያርሱና በጋለ የብረት ቱቦ ላይ እያሳረፉ «ሱታ፣ ሱታ» ይሉታል። ከሰው ጋር በአማርኛ፣ ከእንጨት ጋር በኦሮምኛ ነው የሚያወሩት። ሱታ ማለት ቀስ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቀስ በል የሚሉት ማንን እንደሆነ ነው ያልገባኝ።

ያ እንጨት የኋላው ክምር እንጨት ነበር። ታሪኩን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ድሮ ለእርሻ ሥራ አሰላ የመጡ ፈረንጆች ጥለውት የሄዱት የምግብ ጠረጴዛ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሮ በመጨረሻ ሥጋ ቤት ገባና ሥጋ መቁረጫ ሆነ። ጋሽ ንጋቱ ሥጋ ሊገዙ ገብተው ጠረጴዛውን አሸተቱት። ባለ ሥጋ ቤቱ ሥጋውን የሚያሸቱ መስሎት ተቆጣ ይባላል። በሳምንቱ አዲስ የወይራ ጠረጴዛ ሠርተው አመጡለትና አሮጌውን በጋሪ ጭነው ሄዱ፤ ሰውየውም ሲስቅባቸው ሰነበተ። ጠረጴዛው ሲሰነጠቅ ውስጡ እንደ ጉበት ነው፣ ጥቁር ጅማት ያለው ቀይ። እኔ ከሥጋ ቤት መምጣቱን ብቻ ስለሰማሁ ለዓመታት ደም ጠጥቶ የቀላ መሰለኝ። የሚቀብሩትም ለዚህ ነው ብዬ ደመደምኩ። እንግዲያው ለምን ጽጌረዳ ይሸታል? ለዚህ መልስ አላገኘሁም፣ ጥርጣሬዬንም የባሰ አደረገው።

ፊደል የቆጠርኩት እዚያ ነው። ጋሽ ንጋቱ በየእንጨቱ ላይ በእርሳስ ይጽፋሉ፦ ፊት፣ ጀርባ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ አንገት። አንድ ቀን የግራውን ጎን አቀብዪኝ አሉኝና ከሁለት ተመሳሳይ እንጨቶች ትክክለኛውን አነሣሁ። ደግመው ሞከሩኝ። አልተሳሳትኩም፤ የጽሕፈቱን መልክ በዓይኔ ይዤው ነበር። ከዚያ በኋላ በየቀኑ አንድ ቤት ፊደል በሳንቃ ላይ ይጽፉልኛል። በማግስቱ ሳንቃውን በመላጊያ ሲልጉት ትምህርቴ ተጠቅልሎ ይወድቃል፤ ፍቅፋቂውን ለቅሜ ለምድጃ እወስደዋለሁ። መስከረም ላይ ለእቴቴሽ እኔ ራሴ እነግራታለሁ፣ አንቺ አንደኛ ክፍል የምትቀመጪ ልጅ አይደለሽም አሉኝ።

ይህንን ለእቴቴ ነገርኳት። መንገር አልነበረብኝም።

«በነጻ ፊደል የሚያስቆጥር ሰው የለም» አለች። «ምን ጠየቀሽ?»

«ምንም።»

«ገና ነዋ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም የሚጠይቁኝን ነገር እጠብቅ ነበር። ሀሁ ሲሉኝ ሀሁ እያልኩ እጃቸውን አያለሁ።

ሐምሌ ገባ። የጭላሎ ተራራ ለሳምንታት ከደመናው አልወጣም። በክረምት ቤት የሚሠራ ስለሌለ በር የሚያዝ ጠፋ፤ አንድ አስተማሪ ደግሞ ለመስከረም ሠርጉ ጊታር አዞ ስለነበር ጋሽ ንጋቱ ቀኑን ሙሉ በዚያ ቀይ እንጨት ላይ ናቸው። አስተማሪው እየመጣ ከምን ደረሰች ይላል። አንድ ጊዜ ጋሽ ንጋቱ «ሆዷ ገና ክፍት ነው፤ አንገቷን ነገ እቆርጣለሁ» ብለው ሲመልሱ ልብስ እያሰጣች የነበረችው እቴቴ አማተበች። ጊታር ነው ብዬ ብነግራት፣ ጊታር መሆኑንማ አውቃለሁ፣ እንደዚያ ተብሎ ይነገራል ወይ አለች።

የበሩ ክምር አለቀ። ግማሽ ቁና ይዤ ስመለስ እቴቴ ለሌላ ሰው እየሰጠው ነው አለች። ሄደሽ አጣሪ አለችኝ። ሄጄ ስመለከት ጋሽ ንጋቱ ውኃው ደርቆለት እንደ ዱቄት የላመ ሰጋቱራ የሞላ ጆንያ አጥሩ ሥር እየቀበሩ ነው። እኛ ማገዶ አጥተን እሳቸው ማገዶ ይቀብራሉ። ያን ጊዜ ነገሩ ተገለጠልኝ አልኩ፤ የተሻለውን ነው የሚደብቁት።

የፍልሰታ ጾም ነበር። ጋሽ ንጋቱ ቀን ላይ ቅዳሴ ሲሄዱ በሩን በሽቦ አስረው ነው የሚሄዱት። ሽቦው ስንት ጊዜ እንደተጠማዘዘ ቆጠርኩ፣ ፈታሁት፣ ከኋላው ጆንያ አንድ ቁና ሙሉ ወሰድኩ፣ ሽቦውን በቁጥሩ መለስኩት። ይህንንም ያስተማረችኝ እቴቴ ናት።

በማግስቱ ጠዋት ቤቱ ሙሽራ የገባበት መሰለ። ሻይ ጠጪዎቹ እየተንጠራሩ ያሸታሉ፤ አንዱ ባለ ጋሪ ፓስቲው ራሱ ጽጌረዳ ጽጌረዳ ይላል ብሎ ሁለት ጨመረ። እቴቴ ሰጋቱራው ከየት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከጋሽ ንጋቱ አልኳት። ውሸት አልነበረም። «እጅሽ ይባረክ» አለችኝ። ከመጣሁ ጀምሮ እንዲህ ብላኝ አታውቅም። ሦስት ቀን እንደዚያው አነደድን። አይደለም፣ አራት ቀን ነው፤ በአራተኛው ቀን ቁናውን ለመሙላት ሁለተኛ ጊዜ መግባቴን አስታውሳለሁ።

በአምስተኛው ቀን ሚኪ ዓይኖቹን መግለጥ አቃተው። ከምድጃው ጀርባ ባለችው መደብ ነበር የሚተኛው። ፊቱ አብጦ ቀልቷል፣ ደረቱ ሲተነፍስ እንደ ድመት ግልገል ይጮኻል። የእቴቴም ዓይን ቆብ አብጦ ነበር። እኔ ደግሞ በጣቶቼ መሐል ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣብኝ፤ የሹራቤን እጅጌ ጎትቼ ሸፈንኩት። ጤና ጣቢያ ወሰድነው። የሚቀባ ነገር ሰጡንና አዲስ የነካው ወይም የበላው ነገር አለ ወይ ብለው ጠየቁ። እቴቴ የለም አለች። እሷ የለም ያለችው ስለማታውቅ ነው። እኔ ከጎኗ ቆሜ ነበር።

በዚያው ቀን ከሰዓት ጋሽ ንጋቱ በጓሮ ሳልፍ ጠሩኝ። እጅሽን አሳዪኝ አሉ። ምንም አልሆንኩም አልኩ። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፤ ክንዳቸው ላይ የእኔን የሚመስል የቆየ ጠባሳ ነበር።

«ይሄን ምልክት አውቀዋለሁ። ከኋላው ነክተሻል።»

እጅጌዬን ወደ ጣቶቼ ጎተትኩ።

«ፈረንጆቹ ሮዝውድ ይሉታል። ሽታው ጽጌረዳ ነው፤ ዱቄቱ ግን አንዳንድ ሰው ላይ ይከፋል፣ ቆዳም ያነሣል፣ ደረትም ይይዛል። ምድጃ ውስጥ ከተሻል እንዴ?»

«አይ። ነካሁት ብቻ።»

ዓይኔን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ያመኑኝ አይመስለኝም፤ ግን የሕፃኑን መታመም አልሰሙም ነበር፣ እኔም አልነገርኳቸውም። ለምን ቀድመው እንዳልነገሩኝ ጠየቅኳቸው። ድምፄ ውስጥ ቁጣ ነበረ፤ የሰረቅኩት እኔ ሆኜ የተቆጣሁትም እኔ ነበርኩ።

«ብነግርሽ ለእቴቴሽ ትነግሪያታለሽ» አሉ። «በሽታ ያለበት እንጨት ግቢዬ ገባ ካለች ደግሞ አንድ ቀን አታሳድረኝም። ላንቺ ዝም ማለት የሚሻል መሰለኝ። አልተሻለም።»

የተረፈውን ሰጋቱራ ቦይ ውስጥ ደፋሁት። ለእቴቴ ሰጋቱራው አልቋል ብዬ ከሰል አስገዛኋት። ለሚኪ የቻልኩትን ያደረግኩ መስሎኝ ነበር።

እማማ አሰገደች የመጡት በማግስቱ ነው። በሰፈሩ ሕፃን ሲታመም መጀመሪያ የሚጠሩ እሳቸው ናቸው። ሚኪን ገልብጠው አዩ፣ መዳፉን አሸተቱ፣ ዓይን ነው አሉ። ማን እንደሆነ አልተናገሩም፤ ማን ልጁን አመሰገነ ብለው ብቻ ጠየቁ። እቴቴ ለማሰብ ጊዜ አልፈጀባትም። ጋሽ ንጋቱ ከጥቂት ቀናት በፊት በሩ ላይ ሚኪን አይተው ይህ ልጅ እንዴት ያምራል ብለው ነበር፤ እግዜር ያሳድገው ሳይሉ። የሚያበጅ እጅ ያለው ሰው ዓይኑም አያርፍም አሉ እማማ አሰገደች። እቴቴ ጨርቅ አስሮ የሚቀብረውን፣ ከእንጨት ጋር የሚነጋገረውን፣ ያንን የአንገትና የሆድ ነገር ሁሉ ዘረዘረች። አንድ ነገር እንኳ ጨምራ አልዋሸችም። ሁሉንም እኔም አይቻለሁ።

መድኃኒቱ ታወቀ፤ በዓይኑ ከያዘው ሰው እጅ የወጣ ነገር ይመጣል፣ ልጁ ጋቢ ተሸፍኖ ይታጠናል። እቴቴ ወደ እኔ ዞረች። የበሩን ክምር ሳይሆን ከኋላ የደበቀውን፣ ያንን ቀዩን አምጪ አለችኝ። የደበቀው ነው ኃይል ያለው። ሚኪን አየሁት። ከአፉ ጥግ ምራቁ ይወርዳል፣ ከጎኑ ጎድኑ ይቆጠራል። ያንን ዱቄት በጋቢ ሥር ብናጨስበት ምን እንደሚሆን ከቤቱ ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ማወቄን ብናገር ደግሞ ሌባዋም፣ ያሳመምኩትም እኔ ነኝ፤ ወደ ሲሬ እመለሳለሁ፣ መስከረምም ይቀራል።

አልተናገርኩም። ሄጄ ከወለሉ የዝግባ ፍቅፋቂ ለቀምኩ፣ አድቅቄ ከጡብ ትቢያ ጋር አሸሁት። ቀላ። እቴቴ አሸተተችው። ጽጌረዳ የለውም አለች። እማማ አሰገደች ከባለቤቱ እጅ ሲወጣ ኃይሉ ይደበቃል ብለው መለሱላት፤ እኔ ላገኘው የማልችለውን መልስ አገኙልኝ። ሚኪን አጠኑት። አለቀሰ፣ አስነጠሰ፣ ተኛ። የጽጌረዳው ጭስ ከቆመ ሁለት ቀን ሆኖታል። በማግስቱ እብጠቱ ጎደለ፤ በሦስተኛው ቀን ፓስቲ ስጡኝ አለ።

በዚያች ፍቅፋቂ ሚኪንም ራሴንም አዳንኩ ብዬ ነበር። ያደረግኩት ግን በጋሽ ንጋቱ ላይ ማስረጃ መስጠት ነው። በእሳቸው እንጨት ታጠነ፣ ዳነ። ከዚህ በኋላ ምን ይጠየቃል?

እቴቴ ግን ጠርጣራ ናት፤ መድኃኒቱንም ጭምር ገልብጣ ነው የምታየው። ጋሽ ንጋቱን ወዲያው አላስወጣችም። ሌላ ምልክት ትጠብቅ ነበር። እሱንም ያገኘችው ብርጭቆ ሳጥብ እጅጌዬን ሰብስቤ ባየችኝ ጊዜ ነው።

እጄን ይዛ ወደ ብርሃን አወጣችኝ። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳት። ሽቦውን እንዴት እንደፈታሁ፣ አራቱን ቀን፣ ዝግባውን፣ ጡቡን፣ አንዱንም ሳላስቀር፣ በቅደም ተከተል። እጄን እንደያዘች ሰማችኝ። ያመነችኝ መሰለኝ።

«እንዲህ በይ ያለሽ ማነው?» አለችኝ።

«ማንም አላለኝም።»

«አንቺ ይሄን ሁሉ ከየት ታውቂዋለሽ? ሮዝ ምናምን የሚለውንስ ማን ነገረሽ?»

«ጋሽ ንጋቱ።»

ራሷን ነቀነቀች። አልተቆጣችም። «ፊደሉ ለዚህ ነው» አለች፣ ለራሷ። «እሷንም ይዟታል።»

እማማ አሰገደች ተጠሩ። ከሚኪ የተረፈውን ያንኑ የእኔን ዝግባ ፍም ላይ አድርገው ጋቢ ጣሉብኝ። የተያዘ ሰው ራሱ ይለፈልፋል ይባላል፤ የያዘው በእሱ አፍ ስሙን ይናገራል፣ ያን ጊዜ ይለቃል። ስለዚህ ይጠይቃሉ።

«ማነህ?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«አንተ ማነህ? ይህችን ልጅ ከየት ያዝካት?»

ስሜን ተናገርኩ። ጭሱን ጨመሩ። ሳልኩ፤ እየወጣ ነው አሉ። እውነቱን ደግሜ ለመናገር ጀመርኩና ተንኮለኛ ነው፣ አልወጣ አለ ሲሉ ሰማሁ። ከግቢው ማዶ ጋሽ ንጋቱ እንጨት ያንኳኳሉ፤ ጋቢው ሥር ሆኜ እሰማቸው ነበር፣ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ዝምታ፣ ሲያዳምጡ። ሦስት ጊዜ ማነህ ተባልኩ፣ ሦስት ጊዜ እኔ ነኝ አልኩ። ይህንን ቁጥር እርግጠኛ ነኝ። በአራተኛው ላይ አየር አልነበረኝም።

«ንጋቱ» አልኩ። እንዲሰሙኝ ጮክ ብዬ ነው የተናገርኩት።

ጋቢው ተነሣ። እቴቴ እያለቀሰች አቀፈችኝ፤ አቅፋኝ አታውቅም ነበር። ማዶ ያለው ማንኳኳት ቆሟል። እያዳመጡ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ ዳግመኛ አልተሰማም።

በማግስቱ ጠዋት እቴቴ ሰርቪስ ቤቱ በር ላይ ቆማ እንዲወጡ ነገረቻቸው። ሁልጊዜ እርስዎ ነበር የምትላቸው፤ ያን ቀን አንተ አለቻቸው። አልተከራከሩም። ምን አደረግኩ ብለውም አልጠየቁም። ጋሪ ጠሩ፤ መጋዙን፣ መላጊያውን፣ የቀረውን ቀይ እንጨት ጫኑ። የአስተማሪው ጊታር ገና አንገት አልነበራትም፤ በብርድ ልብስ ጠቅልለው እግራቸው ሥር አስቀመጧት። እኔ ሻይ ቤቱ በር ላይ ሚኪን አዝዬ ቆሜያለሁ። ባለ ጋሪው ልጓሙን ሊስብ ሲል ያዙትና ወደ እቴቴ ዞሩ።

«ብዙነሽ፣ ልጅቷ ፊደሉን ጨርሳለች። መስከረም ላይ አስመዝግቢያት፤ ሦስተኛ ክፍል ብትቀመጥ አታንስም።»

እቴቴ አማተበች። እኔን አላዩኝም። ጋሪው ሄደ። አስተማሪው እንደሰማሁት በተከራየው ጊታር ተዘፈነለት፤ ጋሽ ንጋቱ አሰላ ውስጥ ቤት የሚያከራያቸው ስላጡ ወደ ጢቾ በኩል ሄዱ ተባለ። ልጅቷ ራሷ ለፍልፋለች የሚለው ወሬ ከጋሪው ቀድሞ ነበር የደረሰው።

መስከረም መጣ። በበሩ ፊት ልጆች አዲስ ደብተር ይዘው ያልፋሉ። ምዝገባው ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው እቴቴን ጠየቅኳት። ጠጉሬን እየሠራችኝ ነበር፤ በጉልበቶቿ መሐል መሬት ላይ ተቀምጬ፣ ፊቷ አይታየኝም።

«እሱ ባይናገረው ኖሮ አስገባሽ ነበር» አለች። «በልቤ ወስኜ ነበር። አሁን ግን የእሱ ምኞት ያለበትን ነገር እንዴት አድርጌ ላድርግብሽ? ጊዜ ይለፍበት።»

ጊዜው ሦስት ዓመት ሆነ። በአሥራ አራት ዓመቴ ገባሁ። ያን ቀን ግን ምንም አልመለስኩላትም፤ ከእንግዲህ የምናገረው ሁሉ ከማን አፍ እንደወጣ እንደሚጠየቅ ገብቶኝ ነበር። እሷ እኔን ከእሱ እየጠበቀችኝ ነበር። የተቋጠረ ጠጉር ስታገኝ ከሥሩ በአንድ እጇ ትይዘውና በሌላው ቀስ እያደረገች ትፈታዋለች፣ እንዳያመኝ።